ጽዳቱ ይቀጥል፣ እሳቱ ይቅር

ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣
ለከተማው ጽዳት አስተዳደር ኤጀንሲ፣
ለከተማው ጤና ቢሮና ትምህርት ቢሮ፣
እንዲሁም ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ክብሪት ለሚያነሣ ወገኔ ሁሉ፤

ጉዳዩ፦ ለኅዳር 12 የሚጠረገው ቆሻሻ ከሚቃጠል እንዲነሣ ስለመጠየቅ

የምጠይቀውን አስቀድሜ ልናገር፤ ሐተታው ይከተላል። ኅዳር 12 ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚያ በፊት በየሰፈሩ ተጠርጎ የሚወጣውን ቆሻሻ የሚጭን መኪና ይመደብልን። ማቃጠል እንደማይፈቀድ ከወረዳ እስከ እድር ይነገርልን። ጤና ጣቢያዎቻችንም በዚያ ሰሞን ትንፋሽ አጥሯቸው ለሚመጡ ልጆች መድኃኒቱን አዘጋጅተው ይጠብቁን።

እኔ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያም ሐኪምም አይደለሁም። ሁለተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ፤ አለርጂና አስም አለባት። ጠዋት ስትነሣ ሳታቋርጥ ታስነጥሳለች፤ አፍንጫዋን በመዳፏ ወደ ላይ እየገፋች ስለምታሽ አፍንጫዋ ላይ አግድም የገባ ቀጭን መስመር ወጥቶባታል። ያያት ሁሉ "ብርድ መቷት ነው" ይላል፤ መድኃኒት ቤት ስንሄድ ደግሞ "ሳይነስ ነው" እንባላለን። ይህን ለምደነዋል። ኅዳር ላይ ግን ነገሩ ከማስነጠስ ያልፋል። ጭሱ ግቢ ሲገባ ማሳል ትጀምራለች፤ ሌሊት ደረቷ ያፏጫል። በጎድን አጥንቶቿ መካከል ያለው ቆዳ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ "ውሃ ስጠኝ" ለማለት እንኳ መሀል ላይ ቆማ መተንፈስ አለባት። በዚህች ከተማ እንዲህ የሚያድረው የእኔ ቤት ብቻ አለመሆኑን የማውቀው ጤና ጣቢያ ወረፋ ስይዝ ነው።

የኅዳር 12ን ነገር ሳያውቅ ይናገራል እንዳትሉኝ። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ፤ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ አለው። በዚህች ከተማ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደቀጠፈ ይነገራል፤ የከተማዋ ሕዝብ ደግሞ ያኔ ዛሬ በአንድ ክፍለ ከተማ ከሚኖረው ያነሰ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጠና ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ቀባሪ ጠፋ፣ ሬሳ በየቤቱ ቀረ፣ ጅብ ከተማ ገባ። ግቢ የተጠረገው፣ ቆሻሻው የተቃጠለው፣ ቤቱ የታጠነው በዚያ ጭንቅ መካከል ነው። በሽታ ከመጥፎ ሽታና ከተበላሸ አየር ይመጣል የሚለው እምነት ያኔ በብዙ አገር ገና አልሞተም ነበር፤ ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። አያቶቻችን ባወቁት ልክ የሚችሉትን አደረጉ። ከመቶ ዓመት በላይ ያለማንም ቀስቃሽ የዘለቀ የሕዝብ የጽዳት ቀን ያለው ሌላ ከተማ ብዙ ያለ አይመስለኝም፤ በዚህ እኮራለሁ። ስለዚህ "ባህላችንን ሊያስቀር ነው" የሚለኝ ሰው ቢኖር መልሴ አጭር ነው፤ መጥረጊያው ይያዝ፣ ቦዩ ይጠረግ፣ ግቢው ይጽዳ፣ የሞቱትም ይታሰቡ።

አምና ይህንኑ ለጎረቤታችን ለእማማ ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ናቸው። "እኛ ያኔ የምናቃጥለው ምን ነበረና፣ ልጄ?" አሉኝ። "ገለባ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ያረጀ ሰሌን። ይኼ የናንተ ፌስታል ሲነድማ እኔስ መቼ ቻልኩት፤ በሬን ዘግቼ ነው የምውለው።"

እማማ እንዳሉት ነው። አምና በመንደራችን መታጠፊያ ላይ የተከመረውን ከመለኮሱ በፊት ቆሜ አየሁት። የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ዳይፐር፣ የተቦጫጨቀ የፍራሽ ስፖንጅ፣ መዳቡ የተመዘዘለት የሽቦ ልባስ፣ ግማሽ ቀለም የያዘ ቆርቆሮ፤ እሳቱ ቶሎ እንዲይዝ ደግሞ ከላይ የባጃጅ ጎማ። እንዲህ ያለ ክምር አይነድም፤ ሲጨስ ያድራል። የሽቦ ልባስና የውሃ ቱቦ የሚሠራበት ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ሲቃጠል የአየር ቧንቧን የሚያቃጥል የአሲድ ትነት ይወጣዋል። ዳዮክሲን የሚባለው መርዝም የሚፈጠረው እንዲህ ባለ ደካማና ጭሳም እሳት ነው፤ አገራችን የገባችበት የስቶክሆልም ስምምነት ቆሻሻን ደጅ ላይ ማቃጠልን ከዳዮክሲን ምንጮች የቆጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወሩም አያግዝም። ኅዳር ሰማዩ ጥርት፣ ሌሊቱ ቅዝቅዝ የሚልበት ጊዜ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ይከብዳል፣ ሞቅ ያለው አየር ደግሞ እንደ አክንባሎ ከላይ ይደፋበታል። ጭሱ መውጫ አጥቶ በእንጦጦ፣ በወጨጫ፣ በፉሪና በየረር መካከል ተኝቶ ያድራል። አክንባሎው የሚነሣው ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው በኋላ ነው። ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ከዚያ በፊት ነው። ዘንድሮ ኅዳር 12 ዓርብ ይውላል፤ ሐሙስ ማታ የተለኮሰው ዓርብ ጠዋት ሰልፍ ላይ ይጠብቃቸዋል ማለት ነው።

ጭስና አለርጂ አንድ አይደሉም፤ ሐኪሞችም ይህን እንድንለይ ይፈልጋሉ። አለርጂ ማለት የሰውነት መከላከያ ለሌላው ሰው ምንም የማያደርገውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት ነው፤ የሣርና የአበባ ብናኝ፣ በፍራሽና በምንጣፍ ውስጥ የምትኖረው በዓይን የማትታይ ተባይ፣ የበረሮ ርጋፊ፣ የድመት ፀጉር። ጭስ ከነዚህ ወገን አይደለም። ሥራው የተቆጣውን የአየር ቧንቧ ይበልጥ ማስቆጣት ነው፤ ግድግዳው ያብጣል፣ ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ አክታ ይሞላዋል። ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ ጭሱ ሲያልፍ ሁሉም ያልፍ ነበር። ግን ጭስ አለርጂውን ራሱንም ያበረታዋል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ላይ ተመራማሪዎች አለርጂ ባለባቸው ፈቃደኞች አፍንጫ ውስጥ የአረም ብናኝ ብቻውን፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ከናፍጣ ጭስ ብናኝ ጋር አድርገው ሞክረዋል። ጭሱ ሲታከልበት ሰውነታቸው በዚያ አረም ላይ ያመረተው የአለርጂ አንቲቦዲ ብዙ እጥፍ ሆነ።

ከራሳችን አገርም ማስረጃ አለ። ጅማ ላይ ተሠርቶ በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አስምና የደረት ማፏጨት ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ሰው ላይ በርክቶ አግኝቶታል። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ከዚያው አካባቢ በወጣ ሌላ ጥናት፣ ቤት ውስጥ ላምባ ማንደድ ከአለርጂ ጋር ተያይዞ ታየ። እነዚህ ጥናቶች ሲወጡ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ወላጆች ናቸው።

ልጅ ደግሞ በኪሎው ሲሰላ ከአዋቂ የበለጠ አየር ይተነፍሳል። ይሮጣል፣ ሲሮጥ በአፉ ይተነፍሳል፣ ቁመቱም ለመኪና ጭስ ማውጫና ለመንገድ ዳር እሳት ቅርብ ነው። ሳንባው ገና እያደገ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ከ15 ዓመት በታች ካሉ የዓለም ልጆች 93 በመቶ የሚሆኑት ከመመሪያው በላይ የተበከለ አየር እንደሚተነፍሱ ገልጿል። ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። በገዛ እጃችን፣ ቀን ቆርጠን፣ ጎማ ጨምረን የምናባብሰው ግን የኛ ነው።

እዚህ ላይ ከጉዳዬ ትንሽ ልውጣ፤ ለሌሎች ወላጆች ይጠቅማልና። የአስም መድኃኒት የሚነፋበት ፓፍ በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲነፋ አብዛኛው መድኃኒት የልጁ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በመካከል ስፔሰር የሚባል ባዶ ዕቃ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ሲገኝም ርካሽ አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. ከኬፕ ታውን የወጣ ጥናት ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚገዛው ስፔሰር እንደማይተናነስ አሳይቷል። የእኛ ቤት ስፔሰር ሃይላንድ ነው፤ አሠራሩን ያሳየችን አንዲት ነርስ ናት። የጠርሙሱ ግርጌ በጋለ ሽቦ የፓፉን አፍ ልክ ያህል ይበሳል፤ ፓፉ ይገጠምና አየር እንዳያስወጣ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል። ልጅቱ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሯ ግጥም አድርጋ ትይዛለች። ፓፉ ተነቅንቆ አንዴ ይጫናል፤ እሷ በዝግታ አምስት ስድስት ጊዜ ትተነፍሳለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚጫነው። ጠርሙሱ በሳሙና ውሃ ከታጠበ በኋላ መወልወል የለበትም፤ እንዲሁ ተንጠፍጥፎ ይድረቅ፣ አለዚያ መድኃኒቱ ከፕላስቲኩ ላይ ይጣበቃል። "ፓፍ ሱስ ያስይዛል" የሚለውን የሰፈር ወሬ ደግሞ አትስሙ። ልጆችን የሚጎዳቸው በየቀኑ የሚወሰደውን መከላከያ ፓፍ ትተው፣ ሲብስባቸው ብቻ በማስታገሻው መኖራቸው ነው፤ ይህን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ሰው ለምን ያቃጥላል? ክፉ ሆኖ አይደለም። ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ከቤት ቤት እየዞሩ ይወስዳሉ፤ ተራቸው ሲያልፍ ማዳበሪያው በር ላይ ይከርማል፣ ውሻ ይጎለጉለዋል። ኅዳር 12 ሲመጣ ደግሞ ቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጸዳል። ከአልጋ ሥር፣ ከማጀት፣ ከቆጥ፣ ከጓሮ፣ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ኮተት በሁለት ቀን ውስጥ መንገድ ላይ ይወጣል። የሚያነሣው ካልመጣ ምን ይደረግ? መልሰህ ቤት አታስገባው! ክብሪት ከአምስት ማዳበሪያ ቆሻሻ ይቀላል። ስለዚህ የጽዳት አስተዳደር ኤጀንሲ ኃላፊዎች፣ ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚመለከተው እናንተን ነው። "ማቃጠል ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ ያለ መኪና ቢለጠፍ ወረቀቱም አብሮ ይቃጠላል። ከኅዳር 10 እስከ 13 በየመንደሩ መግቢያ ገንዳ ይቀመጥ፤ ማኅበራቱ ለነዚያ ቀናት የተለየ ክፍያ ይታሰብላቸው፤ መኪናው በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ይነገር። ቅጠላ ቅጠሉ ለብቻው ቢወጣ ለከተማው ችግኞች ብስባሽ ይሆናል። ቀኑ ድንገት የሚመጣ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ በቀን መቁጠሪያ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ኖሯል። ከተማው ለመስቀል፣ ለጥምቀት፣ ለታላቁ ሩጫ መንገድ ዘግቶ፣ ሰው መድቦ፣ ሌሊቱን አጽድቶ እንደሚያድር አይተናል፤ ሲፈለግ ይቻላል።

መንገድ ጠራጊዎች የሰበሰቡትን ቅጠል ከፌስታሉ ጋር አስፋልት ዳር ሲያነዱም አያለሁ። እነሱን አልወቅስም፤ የሚጭንላቸው የለም። ግን የከተማው ሠራተኛ በከተማው ዩኒፎርም እያቃጠለ ነዋሪውን "አታቃጥል" ማለት ያስቸግራል።

ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ያለኝ ጥያቄ ልኬትን የሚመለከት ነው። እዚህ ከተማ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ በአየሩ ውስጥ ያለውን ደቃቅ ብናኝ እየለካ ለዓመታት ሰዓት በሰዓት በኢንተርኔት ያሳይ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ከኤምባሲዎቹ የሚወጣውን ይህን መረጃ ማሠራጨት አቆመ። የራሳችንን አየር ከሌላ አገር ኤምባሲ ግቢ ስንጠይቅ መኖራችን ድሮም ደስ የሚል ነገር አልነበረም፤ አሁን እሱም ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ መሠረት ይህ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። ኅዳር 12 ማታ በየክፍለ ከተማው ስንት እንደሚደርስ ተለክቶ በማግስቱ በሬዲዮ ይነገረን። የአየር ጠባይ ዘገባ ነገ ይዘንባል አይዘንብም ካለ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ወጪ የለውም፤ እኔም ልጄን ላውጣ አላውጣ አውቅበታለሁ።

ጤና ቢሮውም ይቁጠር። ከኅዳር 11 እስከ 14 ትንፋሽ አጥሯቸው ወደ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የመጡ ልጆች ስንት ናቸው? ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንትስ? መዝገቡ በየጤና ጣቢያው አለ፤ የሚያስፈልገው ደምሮ ማውጣት ነው። መቁጠር ምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በአስም ሞተች፤ ቤታቸው መኪና ከሚበዛበት ትልቅ መንገድ አጠገብ ነበር። እናቷ ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የአሟሟት መርማሪው ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን ወሰነ፤ በአገሪቱ ብክለት እንዲህ በሞት ምክንያትነት ሲሰፍር የመጀመሪያው ነበር። ያ ውሳኔ የተገኘው ኤላ ሆስፒታል የገባችባቸው ጊዜያት በሰፈሯ ከተለካው ብክለት ጋር ተስተያይተው ነው። እኛ ዘንድ ሁለቱም ካልተመዘገቡ ጭስ በማንም ልጅ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ "የሳንባ ምች" ወይም "አስም" ተብሎ ይዘጋል።

ለትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን የምለው ጥቂት ነው። በዚያ ዓርብ ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሰልፉ ይጠር፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ካለ ወደ ሌላ ቀን ይዛወር። አስም ያለበት ልጅ ስም በክፍል ኃላፊው ዘንድ ይኑር፤ ፓፉም ቢሮ ተቆልፎበት ሳይሆን ከልጁ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ቆሻሻ የሚያቃጥል ትምህርት ቤት ካለ፣ በጓሮም ቢሆን፣ ያቁም።

"መኪናው ሁሉ እያጨሰ አንድ ቀን እሳት ምን ያደርጋል?" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የከተማችን አየር ዋነኛ ጠላቶች ያረጁ መኪኖች፣ የማገዶና የከሰል ጭስ፣ የግንባታና የመንገድ አቧራ ናቸው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መከልከሉን ደግፌያለሁ፤ ያሉት አሮጌ ሚኒባሶችና የጭነት መኪኖች እስኪያልቁ ግን ልጄ ትዳራለች። ማገዶውም የሚቀረው ኤሌክትሪኩ ሲደርስና ሳይቆራረጥ ሲቆይ ነው። እነዚህ ዓመታትና ብዙ ብር ይጠይቃሉ። የኅዳር 12 እሳት ግን ውሳኔ፣ መኪናና ገንዳ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሕጉም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ይሰጣል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፌስታልን የሚከለክለው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅም በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ቅጣት እንዲጀመር አልለምንም፤ ድሃ ነዋሪ መኪና ሳይመጣለት ቢቀጣ ግፍ ነው። መጀመሪያ ይነሣ፣ ከዚያ ይከልከል፣ ቅጣቱ ለከርሞ ይቆይ።

ኅዳር 10 ቀን ጠዋት ገንዳው በእኛ መንደር መግቢያ ከተቀመጠ፣ የዚህ ሰፈር ወጣቶችና እኔ የየቤቱን ማዳበሪያ ተሸክመን ልናደርስ ተስማምተናል። የአቅመ ደካሞችንም፣ የእማማንም ጨምሮ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የከተማው ነዋሪ፣ የሁለት ልጆች አባት

ግልባጭ፦
ለየእድሩ ሊቀመንበር (በወሩ ስብሰባ እንዲነበብ)
ለየመንግሥትና የግል ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር
ለየግቢው ጥበቃ፣ ሌሊት ፌስታል አንድደው ለሚሞቁ ወንድሞቼ (ፍልጥ እኛ እናዋጣለን)